ቁፋሮ ባይፈቀድልንም ሥራ ሞልቶናል

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የሰፈራችሁ የአርኪኦሎጂና የቅርስ ማኅበር ጉዞ ሲያዘጋጅ አውቶቡሱ ይሞላል፤ ስብሰባ ሲጠራ ግን የሚመጡት ያው የተለመዱት ሰዎች ናቸው ብለሻል። አባላቱን እንዴት እናሳትፍ? ማኅበሩስ ከዚህ በኋላ ወዴት ይሂድ? እኔም አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ በሚንቀሳቀስ ተመሳሳይ ማኅበር ውስጥ ለዓመታት ቆይቻለሁና ያየሁትን ልንገርሽ።

ሰው የሚቀረው ፍላጎት አጥቶ አይመስለኝም። ሥራ ስለማይሰጠው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት መጥቶ ንግግር ሰምቶ፣ ሻይ ጠጥቶ የሚመለስ አባል ቢቀር የሚጎድል ነገር አይታየውም። እድርን እይው። ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚያወጣው፣ መዝገብ የሚይዘው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ያ ሰው ከቀረ “ምን ሆኖ ነው?” ይባላል። የእኛም ማኅበር ሰው ማቆየት የቻለው እያንዳንዱ አባል የራሱ ሥራ ሲኖረው ነው።

ታዲያ ምን ሥራ? አርኪኦሎጂ ሲባል ሁሉም ሰው ቁፋሮ ነው የሚታየው። ቁፋሮ ግን የእኛ አይደለም። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው፤ ክልከላውም በጣም ትክክል ነው። ይህን ለአዲስ አባል አዳራሽ ውስጥ ብታስረጂው ብዙም አይገባውም። ቦታው ላይ ስትወስጂው ግን ይገባዋል።

እኛ አዳዲስ አባላትን መልካ ቁንጥሬና ባልጭት ነው የምንወስደው፤ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ የሠሩባቸው ሥፍራዎች ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ባልጭት ማሳ ውስጥ ስትሄጂ መሬቱ በጥቁር፣ መስታወት በሚመስል የድንጋይ ስብርባሪ የተሞላ ነው። ዝናብ ካጠበው በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። ጎንበስ ብለሽ አንዷን ስባሪ እያት። አንደኛው ጠርዟ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ስስ ነው። የተመታችበት ጫፍ ላይ ትንሽ ጉብታ አለ፤ ከጉብታው ተነስተው እየሰፉ የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። እንዲህ ዓይነቱን ምልክት ባለሙያ ሲያሳይሽ፣ የመታት የሰው እጅ እንደሆነ ወዲያው ይገባሻል።

አዲስ አባል ሁሉ አንዷን ኪሱ ሊከታት ይፈልጋል። እዚያ ላይ ነው ትምህርቱ። ማንም አያነሳም። መጠኗ እንዲታወቅ አጠገቧ ሳንቲም አስቀምጠን ፎቶ እናነሳለን፣ ሳንቲሙን ይዘን እንሄዳለን፣ ድንጋይዋ ባለችበት ትቀራለች። ከቦታዋ ከተነሳች ከምን ጋር እንደነበረች የሚናገር ነገር አይኖርም። እዚያው መልካ ቁንጥሬ፣ ጎምቦሬ በተባለው ሥፍራ፣ 700,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የሰው ዱካ ተገኝቷል። ከመካከሉ የሕፃናት ዱካ አለበት! ባለሙያዎች አፈሩን በዝግታ ባይገልጡት ኖሮ፣ ዶማ ይዞ የሄደ ሰው ረግጦት ነበር የሚያልፈው። ይህን የሰማ አባል ከዚያ በኋላ “ለምን አንቆፍርም?” ብሎ ጠይቆ አያውቅም።

የእኛ ሥራ ያለው ከተማው ውስጥ ነው፤ አሮጌ ቤቶችን መመዝገብ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ ስንት አሮጌ ቤት እንደፈረሰ ሁላችንም አይተናል። ጣይቱ ሆቴልና ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ስማቸው በየመጽሐፉ አለ። እኔን የሚያሳስበኝ ስም የሌለው ቤት ነው። መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ደረጃው ከውጭ የሚወጣ፣ በረንዳው ላይ ጌጥ የተቀረጸበት ጣውላ ያለው ቤት። እንዲህ ያለ ቤት አንዴ ከፈረሰ በኋላ ልኩን፣ አሠራሩን፣ ማን እንደኖረበት የሚናገር አንድ ወረቀት እንኳ ላይገኝ ይችላል።

አሠራራችን ቀላል ነው። አንዱ ሜትር ይይዛል፣ አንዷ ፎቶ ታነሳለች፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዷ ከነዋሪዎቹ ጋር ትጫወታለች። ከሁሉም በላይ የጠቀመን ግን ቤት ቁጭ ብሎ የሚሠራው ነው። በመዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ አንዲት እናት አሉን። ዳገት መውጣት ስለሚከብዳቸው ጉዞ አይሄዱም። እያንዳንዱን ፎቶ ግን የት፣ መቼ፣ በየት አቅጣጫ እንደተነሳ ጠይቀው፣ ቁጥር ሰጥተው በመዝገብ ያሰፍራሉ። ፎቶ ማንሳት ማንም ያነሳል። ያልተጻፈበት ፎቶ ግን ከዓመት በኋላ ያነሳው ሰው ራሱ አይለየውም። እንደ እሳቸው ያሉ ሰዎች በእናንተም ማኅበር ውስጥ ይኖራሉ፤ ስብሰባ ላይ ዝም ስለሚሉ ነው የማይታዩት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሜትር ይዘሽ ሰው በር ላይ ስትቆሚ ሰው ይደነግጣል። “ልንነሳ ነው እንዴ?” ይልሻል። ከወረዳ የመጣሽ ይመስለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ባዶ እጃችሁን፣ ሰፈሩ ከሚያውቀው ሰው ጋር ሂዱ። ለምን እንደመጣችሁ ንገሯቸው። ካልፈቀዱ ከውጭ የሚታየውን ብቻ መዝግባችሁ አመስግናችሁ ሂዱ። የሰው መኝታ ቤት ፎቶ በጭራሽ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አይወጣም። ፎቶውን አሳጥባችሁ ስትመለሱላቸው ደግሞ በሩ በሌላ መልኩ ይከፈታል። የዱሮ የቤተሰብ ፎቶ ከሳጥን የሚወጣውም ያኔ ነው።

ከተማው ሁሉ መሠረት እየተቆፈረበት ነው። ያው የቅርስ አዋጅ፣ በግንባታም ሆነ በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ሳይውል ሳያድር ለቅርስ ባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅ ያዛል። ከአባሎቻችሁ መሐል መሐንዲስ ወይም ፎርማን ካለ ይህን ለሥራ ባልደረቦቹ ማስረዳት የሱ ድርሻ ይሁን። ትልቅ ሥራ ነው።

መምህራን ካሏችሁ ደግሞ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም አለላችሁ። ልጆች ሲመጡ ሁሉም ሉሲን ይጠይቃል። እኔ ግን ሰላም ከተባለችው ቅሪተ አካል ጋ ባቆማቸው ደስ ይለኛል። 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያላት፣ ስትሞት ከሦስት ዓመት የማትበልጥ ሕፃን ነበረች። በ2000 እ.ኤ.አ. አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ ያገኛት ቡድን መሪ ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ፣ ኢትዮጵያዊ ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ጥያቄያቸው ይለወጣል፤ “እኔስ ምን ብማር ነው?” ማለት ይጀምራሉ።

ወዴት እንሂድ ላልሽው፣ እኔ የምመኘው ከተማው የሚጠቀምበት መዝገብ ያለው ማኅበር ነው። መዝገቡ በሊቀ መንበሩ ላፕቶፕ ላይ ብቻ መቅረት የለበትም። ሰውየው ውጭ አገር ከሄደ ወይም ላፕቶፑ ከተሰረቀ የሁላችሁም ድካም አብሮ ይሄዳል። አንድ ቅጂ ለከተማው የባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ፣ አንድ ቅጂ ስድስት ኪሎ ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስጡ። ከመሥሪያ ቤቶች ጋር ስምምነት መፈራረም ስትፈልጉ ማኅበሩን በሕግ ማስመዝገብ ይመጣል፤ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው የሚስተናገደው። አሁን ግን ከዚያ አትጀምሩ። ደንብ በማርቀቅ ብቻ ሲጨቃጨቁ የፈረሱ ማኅበራት አይቻለሁ።

ጉዞውንም አትተዉት፤ ሰው የሚመጣበት በር ነው። ብቻ ከአውቶቡስ የወረደ ሁሉ ደብተር ይያዝ። ንግግሩም ይቀጥል፣ ግን አባላቱ ራሳቸው የመዘገቡትን ይዘው ባለሙያውን የሚጠይቁበት ይሁን። ባለሙያዎቹም እንዲህ ሲሆን ደስ እያላቸው ይመጣሉ።

ለመጪው ቅዳሜ ሰፈራችሁ ውስጥ አንዲት አጭር መንገድ ምረጡ። የግራውን በኩል ብቻ መዝግቡ፤ የቀኝ በኩሉ ለሚቀጥለው ይቆይ። የምንጠቀምበት ቅጽ አንድ ገጽ ነው፤ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ፣ እንደሚመቻችሁ አድርጋችሁ አስተካክሉት።