ደንገጎ ላይ መኪና ለምን ያመናል? ጥያቄና መልስ

ከድሬዳዋ ሐረር በሚደረገው ጉዞ ስለሚያጋጥመው የመኪና ሕመም ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልስ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ውስጥ በባጃጅ ስሄድ ምንም አይሰማኝም፤ የደንገጎን ዳገት ስንጀምር ግን ወዲያው ያጥወለውለኛል። ከቆላ ወደ ደጋ ስለምወጣ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ከፍታው አይደለም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ዳገቱ ካለቀ በኋላ የምናገኛት ሐረማያ ደግሞ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ቢገኙም ልዩነቱ ጆሮን ይደፍን እንደሆነ እንጂ እንዲህ አያስመልስም፤ ስንወርድም እኮ ያው ነው። መንስኤው ጥምዝምዙ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ፈሳሽ የያዙ ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች የጭንቅላትን መዞር፣ አጠገባቸው ያሉት ሁለት ከረጢቶች ደግሞ ማዘንበልን እንዲሁም የፍጥነትን መጨመርና መቀነስ ለአንጎል ያሳውቃሉ። መኪናው በየኩርባው ሲታጠፍ ጆሮዎ መዞሩን ይናገራል፤ ዐይንዎ ግን ስልክዎ ላይ ወይም ከፊትዎ ባለው ወንበር ጀርባ ላይ ከተተከለ ምንም ነገር እንዳልተንቀሳቀሰ ይመሰክራል። አንጎል ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተው ማዛጋት፣ የምራቅ መብዛት፣ ቀዝቃዛ ላብና የፊት መገርጣት ይመጣሉ፤ ማቅለሽለሹ ብዙውን ጊዜ የሚከተለው ከእነዚህ በኋላ ስለሆነ፣ ማዛጋት ሲጀምርዎ ስልኩን አስቀምጠው ሩቅ ወዳለው ተራራ ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ሾፌሩን ለምን አያመውም?

መልስ፦ ኩርባውን አስቀድሞ ስለሚያይና መሪውን ራሱ ስለሚያዞር፣ አንጎሉ የሚመጣውን እንቅስቃሴ ጠብቆ ይቀበለዋል። ከጋቢና የሚቀመጥ ሰውም መንገዱን ስለሚያይ ከኋላ ወንበር ተሳፋሪ ይሻለዋል። ኩርባ ላይ በድንገት የሚፈጥንና ፍሬን የሚረግጥ ሾፌር ግን ተሳፋሪውን ስለሚያሳምም፣ «ወንድሜ፣ ቀስ በልልን» ማለት ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ እናቴ ሎሚ እያሸተትኩ፣ ምንም ሳልበላ እንድሳፈር ይመክሩኛል። ልክ ነው?

መልስ፦ ሎሚው የናፍጣውን ሽታ ይሸፍንልዎታል፤ የጆሮንና የዐይንን አለመግባባት ግን አያስቀርም። ባዶ ሆድ መሳፈርን አልደግፍም፤ ጥቂት ቀለል ያለ ምግብ ይሻላል፤ ቅባት የበዛበት ፉል ግን ከሐረር በኋላ ይድረስ። ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ «ንፋስ ይመታናል» ተብሎ መስኮቱ ሁሉ ሲዘጋ ማየት ነው፤ ሙቀትና የታፈነ ሽታ የጀመረውን ሕመም ያባብሳሉና ጥቂት ይከፈት።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄን ሁልጊዜ ያስመልሳታል፤ ጡት የሚጠባው ወንድሟ ግን ደህና ነው።

መልስ፦ ሕመሙ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ እምብዛም አይታይም፤ ከዚያ እስከ 12 ዓመት ገደማ ይበረታና በአብዛኞቹ ላይ ከዕድሜ ጋር እየቀነሰ ይሄዳል። አጭር ልጅ ደግሞ በመስኮት አሻግራ ማየት ስለማትችል ወደ ውጭ በምታይበት ቦታ ያስቀምጧት።

ጥያቄ፦ ኪኒን ልውሰድ?

መልስ፦ እንደ ዳይመንሃይድሪኔት ያሉት የሚረዱት ከመሳፈር ግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀድመው ሲወሰዱ ነው፤ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ቢውጧቸው ጥቅማቸው አነስተኛ ነው። እንቅልፍ ስለሚያመጡ የሚነዳ ሰው አይውሰዳቸው። ለዚሁ ሕመም የሚወሰደው ሌላው መድኃኒት፣ ፕሮሜታዚን፣ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፤ ነፍሰ ጡር ከሆኑም ሐኪም ሳያማክሩ ምንም አይጀምሩ።