የስታምፕ ዲዩቲው (የቤት ግዢ ታክሱ) ቅናሽ ለእኛም ይደርሰናል?

(ይህ ጥያቄና መልስ የጁላይ 2020 ነው፤ ቅናሹ 2021 ላይ አብቅቷል።)

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ለንደን ውስጥ በ430 ሺህ ፓውንድ ቤት ለመግዛት የካቲት ላይ ተስማምተን ነበር። ኮሮና መጣና ሁሉም ቆመ። አሁን ሥራው ተጀምሯል፤ ሰርቬዩ (የቤቱ ምርመራ) አልቋል፣ የሞርጌጅ ኦፈሩም (የባንኩ ብድር ፈቃድ) ወጥቷል፣ ኤክስቼንጅ (አሳሪውን ውል መለዋወጥ) ግን ገና ነው። ሶሊሲተራችን (ውሉን የያዘልን ጠበቃ) መጀመሪያ የላከልን የወጪ ዝርዝር ስታምፕ ዲዩቲ 6,500 ፓውንድ ይላል። ባለፈው ሳምንት ቅናሹ ሲታወጅ እሰይ ብለን ሳንጨርስ ኤጀንቱ (የሻጩ ደላላ) ደውሎ፣ ሻጩ “ታክሱ ቀርቶላችኋልና 8,000 ጨምሩ” ይላል አለን። ቅናሹ ቀደም ብለን ለተስማማነው ይሠራል? ጭማሪውንስ እንክፈል? ለነገሩ ባለቤቴ ጀሞ በዕጣ የደረሰው ኮንዶሚኒየም አለው፣ እህቱ ትኖርበታለች።
የአንድ ልጅ እናት፣ ከለንደን

መልስ፦ አዎ፣ ይሠራል። የሚታየው በዋጋ የተስማማችሁበት ወይም ኤክስቼንጅ የተደረገበት ቀን ሳይሆን ኮምፕሊሽን፣ ማለትም ገንዘቡ ተላልፎ ቁልፍ የምትረከቡበት ቀን ነው። የያኔው የገንዘብ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ረቡዕ፣ ጁላይ 8 ቀን 2020፣ ባወጁት መሠረት በእንግሊዝና በሰሜን አየርላንድ ከዚያ ቀን አንስቶ እስከ ማርች 31 ቀን 2021 ኮምፕሊሽን ያደረገ ሰው እስከ 500 ሺህ ፓውንድ ድረስ መደበኛውን ስታምፕ ዲዩቲ አይከፍልም። እኔን የሚያሳዝኑኝ ጁላይ 7 ቁልፍ የተረከቡት ናቸው።

ደብዳቤዎን ሳነብ ግን የደነገጥኩት መጨረሻ ላይ ጣል ባደረጓት የጀሞ ቤት ነው። 6,500 የሚለው ቁጥር የሚወጣው ሁለታችሁም የመጀመሪያ ቤት ገዢ ተብላችሁ ከተሰላ ብቻ ነው፦ እስከ 300 ሺህ ነፃ፣ በቀሪው 130 ሺህ ላይ 5 በመቶ። ቅጹ “ከዚህ በፊት ቤት ነበራችሁ?” ሲል ብዙ ወገኖቻችን እዚህ አገር የተባለ ይመስላቸውና “የለንም” ይላሉ። ሕጉ የሚጠይቀው ግን የትም አገር ያለን ቤት ነው። ይህ ብቻውን አሁን ባልጎዳችሁ ነበር፣ ቅናሹ ለነባሩም ለአዲሱም ገዢ ነውና። የሚጎዳው፣ ሌላ ቤት እያለው በሚገዛ ሰው ላይ በ2020 የሚጣለው የ3 በመቶ ጭማሪ በቅናሹ ጊዜም አለመነሳቱ ነው። ኮንዶሚኒየሙ 40 ሺህ ፓውንድ፣ በጁላይ 2020 ምንዛሪ ወደ 1.75 ሚሊዮን ብር ገደማ፣ ወይም ከዚያ በላይ የሚያወጣ ከሆነ ከጠቅላላው ዋጋ ላይ 12,900 ፓውንድ ትከፍላላችሁ። የሚቆጠረውም ባለቤትዎ ዕጣው ሲወጣ የከፈሉት ሳይሆን ዛሬ በገበያ የሚያወጣው ነው። “ቤቱ በሚስት ስም ብቻ ይገዛ” የሚል ምክር ቡና ላይ አይጠፋም፤ አብረው የሚኖሩ ባልና ሚስት ግን ለዚህ ታክስ እንደ አንድ ሰው ስለሚታዩ አያድንም። መደበቅ ደግሞ ከቶ አይታሰብ። ሶሊሲተሩ ከኮምፕሊሽን በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ለታክስ መሥሪያ ቤቱ የሚያስገባው መግለጫ የእናንተ ቃል ነው፤ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ታክሱ ከነወለዱና ከነቅጣቱ ይመጣል።

እንግዲህ ሻጩ “ቀርቶላችኋል” የሚለው ገንዘብ እናንተ ኪስ ውስጥ ላይኖር ይችላል። ኤክስቼንጅ እስካልተደረገ ዋጋ ቢጨምር ሕግ አይከለክለውም፤ እናንተንም እምቢ ከማለት የሚከለክላችሁ የለም። እኔ ብሆን አልከፍልም። ባንኩ የፈቀደው በ430 ሺህ ሒሳብ ነው፣ 8,000ው የሚወጣው ከጥሬ ገንዘባችሁ ነው። ሻጩ ወዴት እንደሚሄድ ኤጀንቱን ጠይቁት። ሌላ ቤት የሚገዛ ከሆነ ቅናሹ ለእሱም አለ፣ ከአዲስ ገዢ ጋር ከሀ ቢጀምር የሚባክነው ጊዜም የራሱ ነው። ባንኮች 10 በመቶ ዲፖዚት (ቅድሚያ ክፍያ) ብቻ ለያዘ ሰው ማበደር እያቆሙ ባሉበት በዚህ የ2020 ወቅት ሞርጌጁ ያለቀለት ገዢ እንደ ልብ አይገኝም፤ ኤጀንቱም ይህን ያውቃል።

ማርች 31 ቀን 2021 ሩቅ ቢመስልም ሶሊሲተሮቹም የአካባቢውን ካውንስል መዝገብ የሚያጣሩትም ከአሁኑ ሥራ በዝቶባቸዋል። ቀኑ ካለፈና ኮንዶሚኒየሙም ከተቆጠረ ዕዳችሁ 6,500 ሳይሆን መደበኛው ታክስ 11,500 እና ጭማሪው 12,900፣ በድምሩ 24,400 ፓውንድ ይሆናል። ስለዚህ ለሻጩ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ስለ ጀሞው ቤት ለሶሊሲተራችሁ በኢሜይል ጻፉ፣ ከአዲስ አበባም የዋጋ ግምት በጽሑፍ አስመጡ። የሞርጌጅ ኦፈሩ የሚያበቃበትን ቀንም እዚያው ወረቀቱ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ከተቃረበ ባንኩ እንዲያራዝምላችሁ አሁኑኑ ጠይቁ።