ቱግ የሚል ኃላፊ ሊረጋጋ ይችላል?

ጥያቄ፦ የአንድ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ሥራዬን እወዳለሁ፤ ይሁን እንጂ በስብሰባ ላይ የዘገየ ሥራ ሲቀርብልኝ ወይም ሐሳቤን የሚቃወም ሰው ሲነሣ ወዲያው ቱግ እላለሁ። ቁጣዬን ዋጥ አድርጌ ዝም ባልኩባቸው ቀናት ደግሞ ራስ ምታት ይዞኝ ይውላል። ማይንድፉልነስ የሚባለው የአስተውሎት ልምምድ አእምሮን እንደሚለውጥ ሲነገር እሰማለሁ። ነገሩ ሳይንሳዊ መሠረት አለው? ካለውስ ከየት ልጀምር?

ኃላፊነት የከበደኝ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከጻፉልን ሁሉ በቅድሚያ ልናነሣው የምንፈልገው ቁጣን ስለ መዋጥ የገለጹትን ነው፤ ብዙ ኃላፊዎች እርጋታ ማለት ይህ ይመስላቸዋልና። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሆኑት ጄምስ ግሮስ ባደረጓቸው ጥናቶች እንደታየው፣ ስሜቱን አፍኖ የያዘ ሰው ፊቱ ምንም ባያሳይም ውስጡ አይረጋጋም፤ እንዲያውም እንደ ደም ሥሮች መኮማተር ያሉ የውጥረት ምልክቶች ይብሱበታል። እ.ኤ.አ. በ2003 ኤሚሊ በትለርና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ከዚህ አልፎ፣ ስሜቱን ከሚያፍን ሰው ጋር የሚነጋገረው ሌላው ሰው የደም ግፊቱ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ስለዚህ ጥርስዎን ነክሰው ዝም ባሉበት ስብሰባ ላይ ሠራተኞችዎም አብረዎት እየተጨነቁ ሊሆን ይችላል።

ቱግ በሚሉባቸው ጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል አደጋ የመሰለውን ነገር ሲያይ ሰውነትን ያስጠነቅቃል፤ አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ግን ቀስ ብሎ ስለሚጨምር ጣሪያ የሚደርሰው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነው። ቃልን መዝኖ ለመናገርና ግፊትን ለመግታት የምንጠቀምበት ከግንባራችን በስተጀርባ ያለው ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ በዚህ ጊዜ ይዳከማል፤ የዬል ዩኒቨርሲቲዋ ኤሚ አርንስተን ለረጅም ዓመታት ያጠኑት ይህንኑ ነው። እንግዲህ ጥበብ በጣም በሚያስፈልግዎ ቅጽበት የጥበብ መሣሪያዎ ደክሞ ይገኛል ማለት ነው። መረጋጋትን ከስብሰባው በፊት፣ ሰላም ባለበት ሰዓት መለማመድ የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

የአስተውሎት ልምምዱ ቀላል ነው፤ አድካሚ የሚያደርገው በየቀኑ መደረጉ ነው። ጠዋት ሥራ ሳይጀምሩ ለ10 ደቂቃ ያህል ተቀምጠው ትንፋሽዎ ሲገባና ሲወጣ ያስተውሉ። ሐሳብዎ ወደ ሥራ ዕቅድ ወይም ወደ ትናንት ጭቅጭቅ መሄዱ አይቀርም፤ መሄዱን ባወቁ ጊዜ ራስዎን ሳይወቅሱ ወደ ትንፋሽዎ ይመለሱ። ዋናው ልምምድ ይህ መመለስ ስለሆነ፣ ሐሳቤ ደጋግሞ ሸሸ ብለው ተስፋ አይቁረጡ።

ስብሰባው ላይ ደግሞ የዘገየው ሪፖርት ሲከፈት መንጋጋዎ ሲጠብቅና ትከሻዎ ወደ ላይ ሲሳብ ይሰማዎታል። ያን ጊዜ ሁለቱን እግሮችዎን ወለሉ ላይ ያሳርፉ፤ አንድ ትንፋሽ ከሳቡበት ጊዜ በላይ አርዝመው ያስወጡ፤ በልብዎም «አሁን ተቆጥቻለሁ» ይበሉ። ስሜትን በስሙ መጥራት የአሚግዳላን እንቅስቃሴ እንደሚቀንስ ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 በአንጎል ምስል አሳይተዋል። ከዚያ «ለምን አልደረሰም?» ከማለት ይልቅ «ሥራው የት ላይ ተያዘ?» ብለው ይጠይቁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰውየውን ወደ መከላከል ይገፋዋል፤ ሁለተኛው ግን ስለ ሥራው እንዲናገር መንገድ ይከፍትለታል። ቅጣትን ወይም ማስጠንቀቂያን የሚመለከት ውሳኔ ከሆነ ለማግሥቱ ቢያሳድሩት እንመርጣለን።

ሳይንሳዊ መሠረቱን በተመለከተ፣ ጆን ካባት ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት የ8 ሳምንት የአስተውሎት ሥልጠና ብዙ ጥናት ተደርጎበታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የ47 ጥናቶች ግምገማ የማሰላሰል ልምምዶች ጭንቀትንና ድባቴን በመጠኑ እንደሚቀንሱ ደምድሟል። በ8 ሳምንት የአንጎል ቅርጽ ይለወጣል የሚለው ወሬ ግን ማስተዋል ይፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመና ከቀደሙት ይልቅ ብዙ ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት እንዲህ ያለ የቅርጽ ለውጥ አላገኘም። የሚጠብቁት የጠባይ ለውጥ እንጂ አዲስ አንጎል አይሁን።

እንቅልፍም አይርሱ፤ እንቅልፍ ያላገኘ አንጎል ቶሎ ይቆጣል። ሥራው የሚዘገየው ሰው በማነሱ ወይም የማይቻል ቀነ ገደብ በመሰጠቱ ከሆነም፣ ትንፋሽ ይህን አይፈታውምና ጉዳዩን ለበላይ አካል ያቅርቡ። ራስ ምታቱ ከተደጋገመ ደግሞ የደም ግፊትዎን ይለኩ፤ ሐኪምም ያማክሩ።