ለወጣት አብራሪዎች፦ ፍጥነታችሁን ብዙ አትመኑት

ውድ ወጣት አብራሪዎች፣

ከእኔ ዕድሜ ካፒቴን ጋር ስትመደቡ በሆዳችሁ የምትጠይቁትን አውቃለሁ፦ «ሽማግሌው አሁንም ይችላል?» ነውር የለውም። በእናንተ ዕድሜ እኔም ጠይቄዋለሁ።

መጀመሪያ የሚቀንሰው ፍጥነት ነው። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ከፍታ፣ አቅጣጫና አዲስ ፍሪኩዌንሲ ባንድ ትንፋሽ ሲሰጠኝ ድሮ ሳልጽፍ መልሼ እልለት ነበር። አሁን እስክሪብቶ አነሳለሁ። አእምሮ ለአፍታ የሚይዘው ነገር ያንሳል፤ ሁለት ሥራ እኩል መከታተልም ይከብዳል። መነጽሩ፣ የሳሳው እንቅልፍ፣ ከረጅም በረራ በኋላ ቶሎ አልለቅ የሚለው ድካም፣ እነሱን ተዉአቸው።

ግን ታሪኩ በዚህ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 69 የሆነ 118 አብራሪዎችን በየዓመቱ በሲሙሌተር (በረራን በሚያስመስል መሣሪያ) እየፈተነ ለሦስት ዓመት ተከታተለ። ሲጀመር የትልልቆቹ ውጤት ከወጣቶቹ ዝቅ ያለ ነበር። እየቆየ ሲሄድ ግን የትልልቆቹ ውጤት የወረደው ከወጣቶቹ ባነሰ ነው። የበለጠ የሠለጠኑት ደግሞ በየትኛውም ዕድሜ የተሻለ ይዘው ቆዩ።

ለምን? ልምድ ያለው አብራሪ ብዙውን ነገር አስቀድሞ ስለሚጨርሰው ይመስለኛል። አሜሪካዊው ካፒቴን ሰለንበርገር በጥር 2009 (እ.ኤ.አ.) ሁለቱም ሞተሮች በወፎች ሲመቱበት 57 ዓመቱ ነበር። ኒውዮርክ ያለው ሀድሰን ወንዝ ላይ አረፈ፤ 155ቱም ሰዎች ተረፉ። እኔን የሚገርመኝ ውሃ ላይ ማረፉ ብቻ አይደለም። ረዳት ኃይል የሚሰጠውን ትንሹን ሞተር ወዲያው አስነሳው። በቼክሊስቱ፣ ማለትም ለአደጋ ጊዜ በተራ በተጻፈው የሥራ ዝርዝር ላይ፣ ይህ የሚመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። ቼክሊስቱ እስኪደርስበት ቢጠብቅ ጊዜ አልነበረም። ይህ የእጅ ፍጥነት አይደለም፤ የቱ እንደሚቀድም ማወቅ ነው። በእርግጥ የአንድ ሰው የአንድ ቀን ስኬት ሽማግሌ ሁሉ ይችላል ማለት አይደለም።

ስለዚህ ዛሬ ፈጣን ናችሁና አትዘናጉ። ማረፊያው ካልተስተካከለ ዳግም ለመነሳት የምትወስኑበትን ከፍታ ገና ሳትወርዱ ተነጋገሩበት። አየሩ ጥሩ ሲሆንና የድርጅታችሁ መመሪያ ሲፈቅድ አውቶፓይለቱን አጥፍታችሁ በእጃችሁ አብርሩ። ያልተነካ ችሎታ በወጣትም ይዝጋል።

የዕድሜ ገደቡስ? ዓለም አቀፉ ሕግ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ሁለት አብራሪ ላለው የንግድ በረራ ከ60 ወደ 65 ከፍ አድርጎታል፤ ብቻውን ለሚያበር ግን 60 ላይ ቀርቷል። በልደቱ ማግስት ማንም ሌላ ሰው አይሆንም። ቢሆንም ልዩነቱ ትክክል ይመስለኛል፤ አጠገብህ ሌላ ሰው አለ ማለት ሌላ ጆሮ አለ ማለት ነው።

ያ ጆሮ እናንተ ናችሁ። ኮክፒት ውስጥ ይሉኝታ አያስፈልግም። የተሰጠን ከፍታ ሌላ ሆኖ እኔ ሌላ ካስገባሁ «ካፒቴን፣ ምናልባት...» እያላችሁ አትዙሩ። ቁጥሩን ንገሩኝ። ካልሰማሁ ድገሙልኝ።