ከሲኤምኤል ጋር 14 ዓመት፦ ጠይቁኝ

ሲኤምኤል የተባለው የደም ካንሰር ከተገኘብኝ 14 ዓመት ሆነኝ። ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ከመጠየቃችሁ በፊት፦ ሐኪማችሁ ሳያውቅ ኪኒን አታቋርጡ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ መምህር፣ እናቴ ኢማቲኒብ የተባለውን የሲኤምኤል ኪኒን ከጀመረች ሦስት ወር ሆናት። የነጭ የደም ሴሏ ቁጥር ወርዷል፣ አብጦ የነበረው ጣፊያዋም ተመልሷል። ድናለች ማለት ነው?

መልስ፦ አልዳኑም፤ ግን ደኅና ይዘዋል። በዚህ በሽታ የዘር መረጃ የሚይዙት ክሮሞሶም 9 እና 22 ቁራጭ ይለዋወጣሉ። ፊላደልፊያ የሚባለው ክሮሞሶም የሚፈጠረው እንዲህ ነው፤ የተገኘውም እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ከዚያ የሚወጣው ፕሮቲን መቅኔውን ነጭ ሴል እንዲያመርት ያለ ፋታ ያዝዘዋል። ኢማቲኒብ አዛዡን ዝም ያሰኘዋል እንጂ ከሥሩ አይነቅለውም። የደም ቆጠራ ተስተካከለ ማለት ክፍሉ ጸጥ አለ ማለት ነው፤ ረባሹ ግን ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እሱን የሚያሳየው ያንን ፕሮቲን የሚያስወጣውን ዘረ-መል፣ ቢሲአር-ኤቢኤልን፣ የሚለካው ፒሲአር የተባለው የደም ምርመራ ነው። ውጤቱ በ3ኛው ወር ከ10 በመቶ፣ በ12ኛው ወር ከ0.1 በመቶ በላይ እንዳይሆን ይፈለጋል። ውጤቱን በደብተር መዝግቡላቸው። እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መዝግቤያለሁ፤ ሐኪም ሲቀየር ደብተሬ አይቀየርም።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ስለ ካንሰር ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ስለ የትኛው ካንሰር? ማን ታመመ? ምን መድኃኒት ይወስዳል? ይህን ጽፈው ይመለሱ።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ ኢማቲኒብን ጠዋት ስውጠው ያቅለሸልሸኛል። ፍልሰታ ደግሞ እየመጣ ነው፤ እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ።

መልስ፦ ኢማቲኒብ በባዶ ሆድ አይዋጥም። ከምግብ ጋር፣ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ ነው። በቀን አንዴ ከታዘዘልህ ወደ ራት ስለ ማዛወር ሐኪምህን ጠይቅ፤ እኔ ጾሜን ሁሉ እንዲያ ነው የማሳልፈው። ኒሎቲኒብ የተባለውን ሌላውን የሲኤምኤል ኪኒን የምትወስዱ ግን ይህ አይመለከታችሁም፤ የእናንተ በባዶ ሆድ ነው።

አንድ አባል (ከአዲስ አበባ)፦ ሕመምተኛ እኮ ከጾም ነጻ ነው።

ሌላ አባል (ከባሕር ዳር)፦ ነጻ የሚያደርገው የንስሐ አባቱ ነው እንጂ አንተ አይደለህም። ደግሞ ጠበል የገባ ሰው ኪኒን አያስፈልገውም።

አንድ አባል (ከአዲስ አበባ)፦ እንዲህ ሲባል ሰምታ ኪኒኗን ያቋረጠች አክስቴ ነች ጣፊያዋ አብጦ ወደ ሐኪም የተመለሰችው!

መልስ፦ የጾሙን ክርክር ለንስሐ አባቶቻችሁ ተዉት። እኔም ጠበል ሄጃለሁ፤ ኪኒኔን በኪሴ ይዤ። አቋርጥ ያለኝ ካህን የለም። አታቋርጡ።

ጥያቄ (ከጅዳ)፦ በሥራ ምክንያት በወር ሦስት አራት ቀን ያመልጠኛል። ያን ያህል ይጎዳል?

መልስ፦ ይጎዳል፣ እህቴ። እ.ኤ.አ. በ2010 በለንደን ሐመርስሚዝ ሆስፒታል የወጣ ጥናት አለ። ከታዘዘላቸው ከ90 በመቶ በላይ የዋጡት አብዛኞቹ ጥሩ ውጤት ሲያገኙ፣ ከዚያ በታች የዋጡት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው ያገኙት። ከ30 ኪኒን 10 በመቶው ስንት ነው? ሦስት። ሦስት ካመለጠሽ በትክክል ድንበሩ ላይ ነሽ፤ አራት ካመለጠሽ ከድንበሩ በታች። ያመለጠሽን ለማካካስ ግን በማግስቱ ሁለት አትዋጪ። የስልክሽን ማንቂያ ሙዪ።

ጥያቄ (ከመቀሌ)፦ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ልጀምር ነው።

መልስ፦ ሪፋምፒሲን አለበት? ካለበት የኢማቲኒብን መጠን በደምህ ውስጥ ይቀንሰዋል። ሁለቱ ሐኪሞችህ ዛሬውኑ ይነጋገሩ። አንዱንም በራስህ አትተው።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ሁለት ዓመት ደኅና ነኝ። ማቆም አልችልም?

መልስ፦ አታቋርጡ ስል ስንተኛዬ ነው? ማቆም የሚሞከረው ለዓመታት እጅግ ዝቅተኛ የፒሲአር ውጤት ለያዘ፣ ካቆመም በኋላ በየወሩ ፒሲአር ለሚሠራ ሰው ነው። ያም ሆኖ በግማሽ ያህሉ ላይ በሽታው ይመለሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ። አንተ በየወሩ የምትመረመርበት ቦታ አለህ?

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ የለኝም።

መልስ፦ እንግዲያው ዋጥ።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ መድኃኒቱ ፅንስ ሊጎዳ ይችላል። ከማርገዝሽ በፊት ለሐኪምሽ ንገሪ፤ ከዚህ በላይ የእኔ ሙያ አይደለም።

ራት ቀረበ፤ የኪኒኔ ሰዓት ነው። የቀረውን ነገ።