ከሙዚቃ ክሊፕ ወደ ፊልም፦ የድሬዳዋና የሐረር አባላት ጥያቄና መልስ

በድሬዳዋና በሐረር ለዓመታት የሙዚቃ ክሊፕ ስሠራ የተማርኩትን ለማካፈል ዛሬ ማታ ከቡድናችን አባላት ጥያቄ እቀበላለሁ፤ ጠያቂዎቹን በሰፈራቸው ወይም በከተማቸው ስም እጠራለሁ። አስቀድሜ የማሳስበው ያለ ፈቃድና ያለ ጽሑፍ ውል ማንም ካሜራ እንዳያነሣ ነው።

ከሳቢያን፦ ጋሼ፣ ለመጀመር የትኛውን ካሜራ ልግዛ?

መልስ፦ አትግዛ፤ ለቀረጻው ቀን ብቻ ተከራይ።

ከከዚራ፦ ስመ ጥሮቹ ዳይሬክተሮች ከክሊፕ ወደ ፊልም የተሻገሩት እንዴት ነው? እኛስ ከእነሱ ምን እንማር?

መልስ፦ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዴቪድ ፊንቸር በ1989 እና በ1990 ለማዶና ክሊፖች ሠርቶ የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን በ1992 አወጣ። አንትዋን ፉኳም በ1995 ለራፐሩ ኩሊዮ ክሊፕ ከሠራ በኋላ በ1998 ወደ ፊልም ገባ። የእነዚህን ሰዎች ክሊፖች ድምፁን ዘግታችሁ እዩ፤ ካሜራው የት እንደቆመ፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ ምስሉ በየስንት ሴኮንዱ እንደሚቆረጥ በወረቀት ጻፉ። ይሁን እንጂ ክሊፕ የማያስተምረው ነገር አለ፤ በክሊፕ ውስጥ ለሰዎቹ የሚናገርላቸው ዘፈኑ ነው፣ በፊልም ግን ሻይ ቤት ተቀምጠው የሚያወጉ ሁለት ሰዎች ያለ ሙዚቃ ተመልካችን ሦስት ደቂቃ መያዝ አለባቸው። በሁለት ክሊፖች መካከል እንዲህ ያለ አንድ ትዕይንት ጽፎ ያልቀረጸ ሰው ወደ ፊልም ለመግባት እየተዘጋጀ ነው ብዬ አላምንም።

ከሸዋ በር፦ ፊልማችንን ያበላሹት እኮ የክሊፕ ሰዎች ናቸው፤ መልክ እንጂ ታሪክ የላቸውም።

ከሳቢያን፦ ወንድሜ፣ ብርሃን አያያዝን ለፊልሞቻችን ያስተማረ ማን ሆነና ነው?

ከሸዋ በር፦ ብርሃን ብቻውን ታሪክ አይነግርም።

መልስ፦ ክርክሩን ሌላ ቀን ቀጥሉት፤ ጥያቄ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ።

ከፈረስ መጋላ፦ በዝግታ የቀረጽኩት ዘፋኝ ከንፈሩ ከዘፈኑ ጋር አልገጥም አለኝ።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። በሴኮንድ 50 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ቀርጸህ በ25 ስታጫውተው እንቅስቃሴው በግማሽ ስለሚዘገይ፣ በቀረጻው ሰዓት ዘፈኑ በእጥፍ ፍጥነት መከፈት አለበት፤ የአራት ደቂቃው ዘፈን በሁለት ደቂቃ ያልቃል ማለት ነው። ዘፋኙ ይህን ፈጣን ቅጂ ከቀናት በፊት ወስዶ ቤቱ ካልተለማመደው ቃሉ አፉ ላይ ይተሳሰርበታል። በየቀረጻው መጀመሪያ ካሜራው ፊት አጨብጭቡ፣ የካሜራውንም ድምፅ አትዝጉ፤ ኤዲት ስታደርጉ የምትገጥሙት በእሱ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይላችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ቤት ውስጥ በአምፖል ስትቀርጹ ሻተሩን (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/60 ሴኮንድ ላይ ብትተዉት ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል። ለ25 ፍሬም 1/50፣ ለ50 ፍሬም 1/100 አድርጉት።

ከአዲስ ከተማ፦ ጋሼ፣ በአነስተኛ ገንዘብ የሚገኝ ጥሩ ካሜራ ቢጠቁሙን?

መልስ፦ መልሻለሁ፤ እባካችሁ ከላይ ያለውን ሳታነቡ አትጠይቁ።

ከለገሃሬ፦ የድሬን ፀሐይ እንዴት እንቻለው?

መልስ፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊትና ከ10 ሰዓት በኋላ ቅረጹ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ስለምትወርድ ዓይን በጥላ ይሸፈናል፤ ግድ ከሆነ ነጭ አቡጀዲ በሁለት እንጨት ወጥራችሁ ከዘፋኙ በላይ ያዙ። በጀጎል ቀጫጭን መንገዶች ደግሞ የግንቡ ቀለም ፊት ላይ ያርፋል። አንዲት ዘፋኝ አረንጓዴ ከተቀባ ግንብ አጠገብ አቁሜያት ጉንጯ የታመመች አስመስሏት ነበር፤ ሁለት እርምጃ ወደ ነጩ ግንብ ስናስጠጋት መልኳ ተመለሰ።

ከድሬዳዋ፦ እንዴት ታዋቂ ልሁን?

መልስ፦ ሥራህን ሳላውቅ ልመልሰው የምችል ጥያቄ አይደለም።

ከመጋላ፦ ልምድ ያለው ዳይሬክተር እንዲያስጠጋኝ ምን ልበለው?

መልስ፦ «አስተምረኝ» አትበለው፤ «ነገ ቀረጻ ላይ ዘፈኑን እኔ እከፍታለሁ፣ ኬብልም እጠቀልላለሁ» በለው። ዘፈኑን የሚከፍት ሰው ከዳይሬክተሩ አጠገብ ስለሚቆም እያንዳንዱን ውሳኔ ይሰማል። ክፍያውን ግን በጽሑፍ ተዋዋል፤ እኔ በቃል ብቻ ተስማምቼ የሁለት ቀን ቀረጻ ሠርቼለት ግማሹን ያስቀረብኝ አሠሪ አለ።

ከሐረር፦ «ጌይ ጋር» በሚባለው የሐረሪ ባህላዊ ቤት ውስጥ ለመቅረጽ አስቤያለሁ፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ፈቃዱን በመጀመሪያ ከቤቱ እመቤት ጠይቂ፣ ጫማሽንም በር ላይ አውልቂ። ብርሃኑ በብዛት ከበሩ ስለሚገባ ዘፋኙን በነደባው (ከፍ ባለው መደብ) ላይ ፊቱን ወደ በሩ አዙረሽ አስቀምጪው፤ ቤቱ ጠባብ ስለሆነም ሰፋ አድርጎ የሚያሳይ 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያዢ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሰፌዶችና ሳህኖች ያለ እመቤቲቱ ፈቃድ ከቦታቸው አታንቀሳቅሺ።