መልስ፦ ግድግዳውን በካርቱን ልሙላው ወይ?

እህቴ፣ ሐረር ላይ ለምትከፍቺው መዋለ ሕፃናት አራቱንም ግድግዳ ካርቱን ላስለው ወይ ብለሻል። እኔ ብሆን አላስለውም። ሥዕል የበዛበት ክፍል ልጅን ያቅበጠብጣል።

ይልቅ ጀጎል ውስጥ አንድ የሐረሪ ቤት ገብተሽ እዪ። ከፍና ዝቅ ያለውን መደብ ልጆች ሲወዱት! ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፣ ጥግ ይዘው ኩርምት ይላሉ። አንቺም አንዱ ጥግ ላይ ሁለት እርከን አሠሪ። የእያንዳንዱ ከፍታ ከስንዝር አይብለጥ፣ ሹል ጠርዝ አይኑረው፣ ምንጣፍ ጣል አድርጊበት። በሐረሪው ቤት ግድግዳ ላይ እንዳሉት ያሉ ጎድጓዳ መደርደሪያዎችም አሠሪ፣ በልጅ ቁመት ልክ ይሁኑ፤ በእያንዳንዱ አንድ መጫወቻ ብቻ። ቀለሙ ነጣ ያለ፣ የማያብለጨልጭ። ድምቀቱን ለአንድ ሁለት የሐረሪ ስፌት ተዪው።

ጣሪያሽ ቆርቆሮ ከሆነ ግን ከሁሉም በፊት ኮርኒስ አስገቢ። ዝናብ ሲወርድ የመምህሯ ድምፅ ራሱ አይሰማም።